ጥዑመ ልሳንና በረኛው ገድሉ

ጥዑመ ልሳን ወልደ ሐዋርያት በባሕር ዳር የደንገል እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ዘንድ ከአሰልጣኙ ይበልጥ የሚደመጥ ሰው ነበር። እንጀራው በአንድ ኮሌጅ ንብረት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበርና የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲያስረክብና ሲረከብ ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ግን ከስታዲየሙ ጀርባ ካለችው ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ወዲያው ወንበር እየጎተተ የሚከበው ሰው አያጣም። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ይሸጥ፣ ቡድኑ ዘንድሮ የት ይደርሳል፣ ይህ ሁሉ ከእሱ አፍ ሲወጣ እንደ ፍርድ ይቆጠር ነበር።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከሐይቁ ማዶ በዘጌ ቅኔ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ጥዑመ ልሳንም ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው በአባቱ ጉባኤ ቅኔ ሲቆጥር ነው። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት አማረውና ወደ ከተማ ወጣ፤ ዲፕሎማ ያዘ፣ እሌኒን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣ ነገር ቢኖር ምላሱ ነው። ሌላው ደጋፊ ተናዶ የሚሳደበውን እሱ ሰምና ወርቅ አድርጎ ይናገረዋል። የሰማው ይስቃል፤ የሳቀው ለሌላው ያወራል፤ በማግስቱ ከተማው ይዞት ይዞራል። ይህን የሰማ አንድ የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጅ ሰኞ ሰኞ በስልክ እያስገባ ያናግረው ጀመር። ጥዑመ ልሳን ለአዘጋጁ እንግዳ መሆኑን አይወደውም አይባልም። ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የሚለብሰው፣ በሬዲዮ የሚያየው ያለ ይመስል።

ያን ዓመት መስከረም ላይ የበረንዳው ወሬ ሁሉ ስለ ቡድኑ ስብስብ ነበር። ነባሩ በረኛ በክረምቱ ዝውውር ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። አመራሩ በእሱ ምትክ በረኛ መፈለግ ሲገባው ሌላ አጥቂ አስመጣ። ጥዑመ ልሳን ይህን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አጥቂስ ሞልቶናል አለ። ኪሩቤል በቀኝ ክንፍ ሲሮጥ የሚደርስበት የለም፤ ሲያሻማ ግን ኳሷ ወይ ዳኛውን ወይ አጥሩን ትመታለች። አምበሉ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ያውቃል፤ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ግን ጉልበቱ አብሮት አይመጣም። በግራ ተከላካይ ቦታ የሚጫወተው ልጅ ግራ እግሩን የሚጠቀምበት ለመቆም ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ይቻላል፣ ይደበቃል፣ በጎል ይሸፈናል። በረኛ የሌለው ቡድን ግን በር የሌለው ቤት ነው፤ የፈለገ ይገባበታል። ስለዚህ ሰንጠረዡ መካከል ላይ ብንጨርስ ተመስገን ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

በረኛ የለም ሲል ሰው የለም ማለቱ አልነበረም። ገድሉ የሚባል ረዥም ዝምተኛ ወጣት አለ፤ ሁለት ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ቆይቶ አሁን ተራው ደርሶታል። ጥዑመ ልሳን ስለ እሱ የሚናገረው ሐሰት አልነበረም። ገድሉ በመሬት የመጣችን ኳስ ከማንም ይበልጥ ይይዛል። በአየር ስትመጣ ግን ልውጣ አልውጣ እያለ ይወላውላል። ጥዑመ ልሳን ይህንን በሚገባ ያውቅ ነበር። ልጁ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ደንገል በሜዳው ተሸነፈ። የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ገድሉ ሊይዝ ወጣ፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ፣ ሊመለስ ሲል ኳሷ የተጋጣሚውን አጥቂ ግንባር ነክታ መረቡ ውስጥ ገባች። ሰኞ አዘጋጁ ስለ በረኛው ጠየቀው። ጥዑመ ልሳን ቢሮው ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። አስቦበት አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ መጣለት።

«በየደብሩ ገድል ሲነበብ ተአምር ይከተለዋል» አለ። «እኛም ይኸው ገድሉን ከመስከረም ጀምረን እያነበብነው ነው። ተአምሩ የት አለ?»

አዘጋጁ ሳቁን መግታት አቅቶት ሙዚቃ ለቀቀ። ያን ዕለት አመሻሽ ጥዑመ ልሳን በረንዳው ላይ ሲደርስ ሰዉ ተነሥቶ ተቀበለው። ምናሴ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ጓደኛ አለው፤ የደጋፊ ማኅበሩ ከበሮ መቺ ነው። ምናሴ ነገሩን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየመታ ዜማ አበጀለት። በሚቀጥለው ጨዋታ ከግቡ ጀርባ ያለው እርከን ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ አንደኛው ወገን «ገድሉ!» ሲል ሌላው «ተአምሩ የት አለ?» ብሎ ይመልሳል። ኳስ ወደ ደንገል ግብ በቀረበች ቁጥር ከበሮው ይነሣል።

ጥዑመ ልሳን የዘረፈው ቅኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ አፍ ሲባል የሰማው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። ደስታው አንገቱ ድረስ መጣ። ምናሴ በትከሻው ላይ ሊያወጣው ሲታገል ገድሉ ከሜዳው ዞር ብሎ ወደ እርከኑ አየ። አንዴ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ ጓንቱን በቁምጣው ላይ ጠርጎ ኳሷን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ጥዑመ ልሳን ይህን አይቷል። አይቶ ከሰዉ ጋር አጨበጨበ። በኋላ ነገሩን በሚያስታውስበት ጊዜ ሁሉ ፊቱን የሚያግለው ይህ ነው፤ አላየሁም ብሎ ራሱን ማታለል አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ገድሉ ለአየር ኳስ መውጣቱን ጨርሶ ተወ። ከመስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ጎል ይቆጠርበታል፤ ዘፈኑ ይደምቃል። ጥዑመ ልሳንም ሰኞ ሰኞ የተናገርሁት ደረሰ እያለ ይፎክር ነበር።

የካቲት ላይ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ ተሻገረ። በየዓመቱ የሚያደርገው ነው፤ በዓሉን ያከብርና አባቱን ጠይቆ በመጨረሻዋ ጀልባ ይመለሳል። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን በቡናው ጥላ ሥር በምታልፈው ቀጭን መንገድ ወደ አባቱ ቤት ሲያቀና ካገኛቸው የልጅነት ጓደኞቹ ጋር ጮክ ብሎ ይጫወት ነበር። ከፊቱ የሚሄዱ ነጠላ ያጣፉ ሴት አንዱ በስሙ ሲጠራው ሰምተው ቀጥ ብለው ቆሙና ዞሩ።

«አንተ የሬዲዮው ሰው አይደለህም?» አሉት። «የመሪጌታ ልጅ።»

ነኝ አላቸው፣ ደስ ብሎት። በሬዲዮ የሚያውቁት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያስቆሙት ለምዷል። ሴትዮዋ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ሊስሙት ጎንበስ አሉ። ደንግጦ ቢስብም አልለቀቁትም። እናትዓለም እባላለሁ፣ የበረኛው የገድሉ እናት ነኝ አሉት።

ጥዑመ ልሳን ክው አለ። የሚከተለው እርግማን መሰለውና አንገቱን ደፋ። ጓደኞቹም ነገር እንዳለ ገብቷቸው ቀስ ብለው ራቅ አሉ። ቀና ሲል ግን የሴትዮዋ ፊት በርቷል።

ወይዘሮ እናትዓለም ወደ ከተማ ተሻግረው ልጃቸው ሲጫወት አይተው አያውቁም፤ ጀልባ ያዞራቸዋል። ልጃቸው ግን ትንሽ ሬዲዮ አምጥቶላቸዋል። የሚከፍቷት እሑድ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ሬዲዮዋን መደብ ላይ አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ዘጋቢው እየተጣደፈ የሚለው አይገባቸውም። የሕዝቡ ጩኸት ግን ይሰማቸዋል። ሬዲዮዋ እየተንሿሿች ሁሉንም አታሰማም፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ጥርት ብለው የሚወጡት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ገድሉ እና ተአምር።

«ከእሱ በፊት የወለድኋቸውን ቀብሬአለሁ» አሉት። «እሱን ሳረግዝ ገድል አስነበብሁ፣ ተሳልሁ። በሰላም ሲወለድ ገድሉ አልሁት። አሁን ያ ሁሉ ሰው ስሙን ጠርቶ ተአምር ሲል እሰማለሁ። እኔ በሆዴ ይዤው የኖርሁትን ማን ነገራቸው እያልሁ አለቅሳለሁ። ያስጀመረው የመሪጌታ ልጅ ነው ሲሉኝ ስምህን ለቄሱ ሰጠሁ። በየቅዳሴው እያስጠራሁህ ነው።»

ጥዑመ ልሳን እግዜር ይስጥልኝ እንዳይል ነውር ሆነበት፤ እውነቱን እንዳይናገር የሴትዮዋን ፊት ፈራ።

በዚህ መሐል ገድሉ አገልግል ተሸክሞ ከኋላ ደረሰ። ሁለቱን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያያቸው ርምጃውን ገታ። ከዚያ እንደማንኛውም መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ጥዑመ ልሳንን ሰላም አለው። እናቱን ሰዎች ይጠብቁሻል፣ ቅደሚ አላቸው። እሳቸውም ጥዑመ ልሳንን መርቀው፣ የቡናውን ጥላ ተከትለው ቁልቁል ወረዱ።

ጥዑመ ልሳን ሊናገር አፉን ሲከፍት ልጁ ቀደመው።

«አይንገሯት» አለው። «እንደሰማችው ትስማው።»

«ገድሉ፣ እኔ እኮ…»

«ሌላ አልፈልግም» አለና አገልግሉን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛውሮ እናቱን ተከተለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጁ ቢቆጣው ጥዑመ ልሳን በወደደ ነበር።

አባቱ ቤት ሲደርስ መሪጌታ ከደጃቸው በፀሐይ ተቀምጠዋል። የሆነውን አንድ ሳይደብቅ ነገራቸው። ሽማግሌው ነገሩን ቀድመው ያውቁታል፤ ከከተማ የሚመጡ ተማሪዎች አድርሰውላቸዋል፣ አንዳንዶቹም የአባቱ ልጅ ነው እያሉ አድንቀዋል።

«በጉባኤ መካከል በቅኔ የተነካ ሰው ተነሥቶ በቅኔ ይመልሳል» አሉ መሪጌታ። «ለዚህ ነው ነውር የማይሆነው። ያ ልጅ በምን ይመልስልህ?»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩትም። ምሳ ቀርቦ ብላ አሉት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ፤ አባቱም አላስገደዱትም።

ሰኞ አዘጋጁ ሲደውል ጥዑመ ልሳን የሚለውን አዘጋጅቶ ጠበቀው። የበረኛውን እናት ስም አላነሣም፤ የልጁን አደራ መጠበቅ አለበት። ስለ ገድሉ የተናገርሁት ክፉ ነገር ነው፣ በድያለሁ፣ እባካችሁ ያንን ዘፈን ተዉት አለ። አዘጋጁ ሳቀ። ሰሙን ሰማን፣ ወርቁን ደግሞ ንገረን አለው። ወርቅ የለውም ቢለው ጭራሽ ሳቁ ባሰ። ስልክ የሚደውለው አድማጭ ሁሉ የተሰወረውን ትርጉም ለመፈለግ ተሽቀዳደመ፤ አንዱ «በድያለሁ» ያለው «በድን ያለሁ» ማለቱ ነው፣ የበረኛውን መገተር ሲነካ ነው ብሎ ተነተነ። ጥዑመ ልሳን ስልኩን ዘጋ። የእሑዱ ዘፈን በእሱ ይቅርታ ላይ አዲስ ስንኝ ተጨምሮበት መጣ።

ያን እሑድ እርከኑ ላይ ወጥቶ የምናሴን ከበሮ በመዳፉ ያዘ። ተዉት ብሎ ለመነ። ምናሴ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ እንዳልሆነ ሲገባው ተቆጣ።

«አንተው ሠርተህ ሰጠኸን» አለው። «የተናገርኸው ሐሰት ነው? ልጁ የአየር ኳስ ይይዛል?»

«አይዝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ምን ሆኖ እንደሆነ የሚናገርበት አንድ ቃል ነበረው፣ እሱንም እንዳይናገር ተለምኗል። እጁን ከከበሮው ላይ አነሣ። ዘፈኑ ሲነሣ በዚያች ሰዓት ከሐይቁ ማዶ ወደ ሬዲዮዋ ጆሯቸውን ያስጠጉትን ሴት አሰበ። እርከኑ በጮኸ መጠን እሳቸው ደስ ይላቸዋል። በደሉ ለአንድ ሰው ምርቃት ሆኖ ሲደርስ የት እንደሚገባ አላወቀም። ጨዋታው ሳያልቅ በጎን በር ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስታዲየም አልገባም። አዘጋጁ ሲደውል ጉሮሮዬን አሞኛል ይለዋል። በረንዳውንም በሌላ መንገድ እየዞረ ያልፈው ጀመር። እሌኒ አንተ ምን ነካህ ስትለው የሥራ ድካም ነው አላት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጀልባ ነጂ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ሎሚ ይዞ ቤቱ መጣ። ወይዘሮ እናትዓለም ከጓሯቸው ለቅመው የላኩለት ነው። እሌኒ ደስ ብሏት ለጎረቤት አካፈለች፣ ለቤት ጨመቀች። ጥዑመ ልሳን ጨጓራዬን ይነካኛል ብሎ አልቀመሰም። ጨጓራውን አሞት አያውቅም። ሎሚው እስኪያልቅ ወጥ ቤት በገባ ቁጥር ሽታው ይቀበለው ነበር፤ ውሃ መጠጣት ሲፈልግ እንኳ ልጆቹን ይልካል።

ሰኔ ላይ ውድድሩ ሲያበቃ ደንገል ሰንጠረዡ መካከል ላይ ጨረሰ፤ ጥዑመ ልሳን በመስከረም እንዳለው ማለት ነው። ምናሴ ቂሙን ረስቶ ቢሮው ድረስ መጣና አቀፈው። አንተ እኮ ነቢይ ነህ፣ ስብስቡን አይተህ ቀድመህ ነግረኸን ነበር፣ በረንዳው ሁሉ ስምህን እያነሣ ነው አለው። ጥዑመ ልሳን አመስግኖ ሸኘው። በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ተሳስቶ ቢሆን ቢያንስ አላወቅሁም ነበር ይል ነበር። ስለ ኳሱ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ አላዳነውም።

ክረምት ሲገባ ቡድኑ ገድሉን አሰናበተ። አንዳንዱ ኳስ አቁሟል፣ አንዳንዱ ወደ ጎርጎራ ሄዶ ጀልባ ላይ ተቀጥሯል ብሎ አወራ። በመጨረሻ አንድ የኮሌጁ ሾፌር የደራ ተወላጅ ነበርና እዚያው በአንበሳሜ የከተማውን ቡድን ግብ ሲጠብቅ እንዳየው ነገረው።

ጥዑመ ልሳን ከኅዳር ቅዳሜዎች በአንዱ ለማንም ሳይናገር ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ቤት መምታቱን ሲሰማ ይጥለዋል፤ ያማረ ነገር ሁሉ አስጠላው። አንበሳሜ ሲደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሜዳው ከገበያው ጥግ ነው፤ እህሉን የሸጠው ገበሬ አህያውን ይዞ ከዳር ቆሞ ያያል። የግቡ ቋሚዎች ባሕር ዛፍ ናቸው፣ መረብ የላቸውም። ገድሉ ከቋሚዎቹ መሐል ቆሟል።

ጥዑመ ልሳን ከሰው ጀርባ ተሸሽጎ የመጀመሪያውን አጋማሽ አየ። አንድ የማዕዘን ምት ተሻማ። ገድሉ ጮኾ ተከላካዮቹን አስለቀቀና ዘሎ ኳሷን ከሁለት አጥቂ ራስ ላይ በሁለት እጁ ለቀማት። ከዳር የቆሙት ገበሬዎች እሰይ አሉ። ጥዑመ ልሳን እጁ ሊያጨበጭብ ተነሥቶ ከደረቱ ሳይደርስ ወረደ። ማጨብጨብ ለእሱ የሚገባ አልመሰለውም።

ዕረፍት ሲሆን ወደ ግቡ ሄደ። ገድሉ ውሃ እየጠጣ ሳለ አየውና አወቀው። ጆንያ ላይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እንደ ዘጌው ቀን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ጥዑመ ልሳን እናቱን ጠየቀ። ደኅና ናት አለው፤ የአንበሳሜን ጨዋታ ሬዲዮ አያስተላልፍም ብያታለሁ፣ እሺ ብላ ትጸልያለች።

«ይቅርታ ልጠይቅህ መጣሁ» አለ ጥዑመ ልሳን። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፍቶበት የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

ገድሉ የጓንቱን ማሰሪያ አጠበቀ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለው። «እናቴ በየቅዳሴው ስምዎን እያስጠራች እኔ ቂም ብይዝ ምን ይባላል?»

ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ መመለስ ጀመሩ። ጥዑመ ልሳን ደረቱ ቀለል ሲለው ተሰማው። እዚያው ከግቡ ጎን ቆሞ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ሊያይ አሰበ። ገድሉ ወደ መስመሩ ሁለት ርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለው፣ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ። «እዚህ አይቁሙ። እርስዎ ጀርባዬ ላይ እያሉ ኳሷ አትታየኝም።»

ጥዑመ ልሳን እሺ አለ። ጆሮው ድረስ ፊቱ ጋለ። ከሜዳው ወጥቶ በጤፍ ጆንያዎቹና በበጎቹ መሐል አቆራርጦ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከኋላው የሕዝብ ጩኸት ተነሣ። ገብታ ይሁን ተይዛ አልለየውም፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ቢያይም አልጠየቀም። ረዳቱ ሐሙሲት፣ ባሕር ዳር እያለ ይጣራል። ገባና ከሜዳው በተቃራኒ ባለው መስኮት ሥር ተቀምጦ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀ።